ዳይስ ያስጨበጡን ሰዎች ሲያልፉ

ውድ ወጣቶች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ የሥራ ዘመኔን በኢንሹራንስ ስሌት፣ ትርፍ ጊዜዬን ደግሞ በጠረጴዛ ዙሪያ በሚደረግ የሚና ጨዋታ ያሳለፍኩ፣ አሁን በሚኒሶታ ጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ሁለቱ ለብዙ ሰው የማይገናኙ ይመስላሉ፤ እኔ ግን ከወጣትነቴ ጀምሮ አንዱን ከሌላው ለይቼ አላየሁም፤ ሁለቱም ገና ያልሆነን ነገር «ቢሆንስ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ከቁጥር መጠበቅ ነው። ከእናንተ አንዱ፣ የወዳጄ ልጅ፣ የጨዋታው ፈር ቀዳጆች ባረፉ ቁጥር ማዘኔ ገርሞት «ጋሼ፣ በዓይንዎ አይተውት ለማያውቁት ፈረንጅ ይህን ያህል ምን ያሳዝንዎታል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን ለሁላችሁም በጽሑፍ ማድረስ መረጥኩ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንደጻፍኩ ያዙልኝ።

ገበጣን ማን እንደፈጠረው የሚያውቅ የለም። ቼዝም ቢሆን ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዓረብ አገር ሲሻገር የፈጣሪውን ስም ይዞ አልተጓዘም። የሰው ልጅ ከሚወዳቸው ጨዋታዎች ብዙዎቹ አባታቸው የማይታወቅ ስለሆነ አልቃሽም የላቸውም። የሚና ጨዋታ ግን በእኔ ትውልድ ዕድሜ የተወለደ፣ ከዚያ በፊት በዚህ መልኩ ያልነበረ የጨዋታ ዓይነት ነው፤ የፈጠሩትን ሰዎች በስም እናውቃቸዋለን፤ የተሰባሰቡበትን ከተማም ያረፉበትንም ቀን እናውቃለን። የመጀመሪያውን የሚና ጨዋታ «ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ»ን የፈጠሩት ጋሪ ጋይጋክስ ማርች 4 ቀን 2008 በ69 ዓመቱ፣ ዴቭ አርነሰን ደግሞ በዓመቱ ኤፕሪል 7 ቀን 2009 በ61 ዓመቱ አረፉ። አንድ የጨዋታ ዓይነት ሲወለድ አይቶ ፈጣሪዎቹን ለመቅበር የደረሰ ሰው በታሪክ ብዙ አይደለም፤ እኔ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ነኝ፤ ሐዘኔም ከዚህ ይመነጫል።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ሰው የጨዋታ መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዙና ያ ሰው ምን እንደሚያደርግ ይናገራሉ፤ ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ፣ ማለትም በየገጹ ቁጥር ያለበት የዕጣ ጠጠር፣ ይጣላል። እናንተ በስልካችሁና በኮምፒውተራችሁ «ኤችፒ» (የሕይወት ነጥብ)፣ «ኤክስፒ» (የልምድ ነጥብ)፣ «ሌቭል» (ደረጃ) እያላችሁ የምትጠሯቸው ነገሮች መነሻቸው ከዚህ ጠረጴዛ ነው። ኤችፒን ለምሳሌ አርነሰን ያመጣው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ስለነበሩ ብረት ለበስ መርከቦች ካዘጋጀው የጦርነት ጨዋታ ነው፤ መርከብ በአንድ ጥይት እንደማይሰጥም ሁሉ ሰውም በአንድ ምት እንዳይሞትና ተጫዋቹ ገና የወደደውን ገጸ ባሕርይ ወዲያው እንዳያጣ ብሎ።

ነገሩ የተጠነሰሰው በዚሁ በሚኒሶታ፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል መንትያ ከተሞች ነበር። በ1969 ዴቪድ ዌስሊ የተባለ የጦርነት ጨዋታ ወዳጅ ለጓደኞቹ አንድ ምናባዊ የጀርመን ከተማ አዘጋጅቶ፣ ለእያንዳንዳቸው እንደ ወትሮው ጦር ሳይሆን አንድ አንድ ሰውና የየራሱ ዓላማ ሰጣቸው። ተጫዋቾቹ ካርታውን ትተው በየጥጋጥጉ እየተንሾካሾኩ መዶለት ጀመሩ፤ ዌስሊ ጨዋታው እንደከሸፈ ቆጠረው፤ ጓደኞቹ ግን ድገምልን አሉት። ከእነሱ አንዱ የነበረው አርነሰን በ1971 ሐሳቡን ብላክሙር ወደሚባል ምናባዊ ግዛትና ከቤተ መንግሥቱ ሥር ወዳለ ጥልቅ ዋሻ ይዞት ገባ። በ1972 መገባደጃ ከጓደኛው ጋር ወደ ዊስኮንሲን፣ ሌክ ጄኔቫ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄዶ ለጋይጋክስ አጫወተው። ጋይጋክስ ጨዋታውን እንዳየ አላስችለው ብሎ፣ ከአርነሰን የተላኩለትን ማስታወሻዎች ይዞ መጀመሪያ 50፣ ቀጥሎ 150 ገጽ ያህል ደንብ ጻፈ።

ይህ ጋይጋክስ በቺካጎ የኢንሹራንስ ሠራተኛ የነበረ፣ በ1970 ሥራውን አጥቶ ቤቱ ጫማ እየጠገነ ልጆቹን ያሳድግ የነበረ ሰው ነው። የሙያ ባልደረባዬ በመሆኑ ትንሽ አዳላለታለሁ፤ ደንቦቹን ሳነብ አደጋን በሠንጠረዥ መመደብ የለመደ እጅ ይታየኛል። የገጸ ባሕርዩ ጉልበትና ብልሃት የሚወጣው በሦስት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ድምር ነው፤ 18 የሚመጣው ከ216 አንዴ ነው፤ 10 ወይም 11 ግን ከአራቱ አንዴ ይመጣል። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ የሚወለዱ ሰዎች አብዛኞቹ መካከለኛ፣ ጥቂቶቹ ብቻ ድንቅ ይሆናሉ፤ በእውነተኛው ዓለምም ብዙ ነገር ስንለካ የምናገኘው ቅርጽ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

እኔ በ1979 ተማሪ ሳለሁ የገዛሁት የመጀመሪያው የጨዋታ ሣጥን ውስጥ ዳይስ አልነበረበትም። በዚያ ዓመት ዳይስ ስለጠፋ አሳታሚው በምትኩ ቁጥር የታተመበት ወረቀት ከትቶ ነበር፤ በመቀስ እየቆራረጣችሁ በኩባያ ውስጥ ታደርጉና እንደ ዕቁብ ዕጣ ታወጣላችሁ። ያወጣነውን ቁራጭ ወደ ኩባያው ሳንመልስ ብንቀጥል የቀሩት ቁጥሮች ዕድል እንደሚለወጥ ያየሁት እዚያ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ይህንኑ ያስተማረኝ በተከታዩ ሴሚስተር ነበር። ኋላ ላይ ዳይሱ ሲመጣም ለስላሳ ፕላስቲክ ስለነበር ቁጥሩ ላይ ቀለም የለውም፤ ክሬዮን እያሸን ጎድጓዳውን እንሞላለን፤ ባለ 20 ገጹ ጠርዙ ቶሎ ስለሚያልቅ ጠረጴዛው ላይ እንደ ብይ እየተንከባለለ አልቆም ይል ነበር።

አሁን ከሁሉ አስበልጬ ልነግራችሁ ወደፈለግሁት ሰው ልምጣ። ስሙ ዶን ኬይ ይባላል፤ የጋይጋክስ የልጅነት ጓደኛ ነበር። ጋይጋክስ ደንቡን የሚያሳትምለት ድርጅት ባጣ ጊዜ ኬይ በሕይወት ኢንሹራንሱ ላይ 1,000 ዶላር ተበድሮ አብረው በኦክቶበር 1973 ድርጅት አቋቋሙ። ብራያን ብሉም የተባለ ሦስተኛ ሰው 2,000 ዶላር ይዞ ሲጨመር፣ በጃንዋሪ 1974 «ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» በ1,000 ቅጂ ታተመ፤ ሣጥኑ በ10 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው አለቀ። ድርጅቱ የሚሠራው ከኬይ ቤት ነበር። በጃንዋሪ 1975 መጨረሻ፣ የመጀመሪያው እትም ባለቀ ማግሥት በሚባል ጊዜ፣ ኬይ በ36 ዓመቱ በድንገተኛ የልብ ሕመም ሞተ።

እዚህ ላይ የሙያዬን ዓይን ልጠቀም። ኬይ በኑዛዜው ስለ ድርጅቱ ድርሻው ምንም አላሰፈረም ነበር፤ ስለዚህ ሲሦው ለባለቤቱ አለፈ። ያንን ድርሻ ለመግዛት ጋይጋክስ ገንዘብ አልነበረውም፤ የብሉም ቤተሰብ ግን ነበረው። በዚያው ዓመት በተቋቋመው አዲስ ኩባንያ ትልቁ ድርሻ የብሉም ቤተሰብ ሆነ። ለአሥር ዓመት ነገሩ ማንንም የሚጎዳ አልመሰለም፤ ጨዋታው ዓለምን እያዳረሰ ነበር። በ1985 ግን የብሉም ወንድማማቾች ድርሻቸውን ለሌላ ሰው ሸጡ፤ ጋይጋክስም ከመሠረተው ኩባንያ የበላይነቱን አጣ፤ በተከታዩ ዓመትም ለቅቆ ወጣ። ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ የ1985ቱን ጠብ ይተርካሉ፤ እኔ ግን ጉዳዩ ያለቀው ያን ጊዜ አይመስለኝም። ያለቀው ከአሥር ዓመት በፊት፣ ሦስት ጓደኛሞች «ከመካከላችን አንዱ ቢሞት ድርሻው በስንት፣ በምን ገንዘብ ይገዛል?» የሚለውን ሳይጽፉ በቀሩባት ዕለት ነው። ጥያቄው ደስ አይልም፤ በተለይ ሁሉም ገና ወጣት ሲሆኑ ሟርት ይመስላል።

እኛ ዘንድ ይህ እንዴት እንደሚሆን አሳምሬ አውቃለሁ። ለእድር መዋጮ መዝገብና መተዳደሪያ ደንብ ያለው ማኅበረሰባችን፣ ንግድ ሲጀምር ግን ወረቀት ማንሣትን እንደ አለመተማመን ይቆጥረዋል። በዚሁ ከተማ ሁለት ጓደኛሞች በቃል ብቻ ተስማምተው ሱቅ ከፈቱ፤ አንደኛው በድንገት ሲሞት ባለቤቱና የቀረው ሸሪክ እስከ ፍርድ ቤት ደርሰው በሽማግሌ ተመለሱ፤ ሱቁ ግን በመካከሉ ተዘጋ። ሁለቱም ወገን ቅን ነበር፤ ሟቹ ምን ይፈልግ እንደነበረ ሁለቱም በራሳቸው መንገድ ያስታውሱ ነበር። ቃል ይረሳል፣ ጽሑፍ ይወረሳል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። አዲስ አበባም ሆነ ስደት አገር ያላችሁ፣ ሁለትና ሦስት ሆናችሁ የሞባይል ጨዋታ ወይም ሌላ ሥራ የጀመራችሁ ልጆች፦ ዛሬ፣ ገና ገንዘቡ ሳይመጣ፣ አንዲት ገጽ ጻፉ። የእያንዳንዳችሁ ድርሻ ስንት ነው? አንዱ ቢሞት ወይም ቢለቅ ዋጋው በምን ይተመናል? ከፋዩ ማነው? በአገሩ ሕግ የሚያጸናላችሁ ጠበቃ ፈልጉ። ገንዘብ ከመጣ በኋላ ይህን ገጽ መጻፍ የሚችል ጓደኛ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የአርነሰን ነገር ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። እሱ ሐሳብ የሚፈልቅለት፣ መጻፍ ግን የሚከብደው ሰው ነበር፤ ጋይጋክስ በተቃራኒው ሌሊቱን ሙሉ ቢጽፍ አይደክመውም። በ1974ቱ ሣጥን ላይ የሁለቱም ስም አለ። ከ1977 ጀምሮ የላቀ የተባለው እትም ሲወጣ ግን ኩባንያው ይህ ሌላ ጨዋታ ነው በማለት ለአርነሰን ድርሻ አልከፍልም አለ፤ በ1979 ክስ ተመሠረተ፤ በ1981 በስምምነት ተዘጋ። በተጫዋቾች መካከል ግን ክርክሩ ሁለቱም ከሞቱ በኋላም አልበረደም፤ አንዱ ወገን ያለ አርነሰን ጨዋታው አይኖርም ነበር ይላል፣ ሌላው ያለ ጋይጋክስ ከአንድ ምድር ቤት አይወጣም ነበር ይላል። ሁለቱም እውነት ነው ባይ ነኝ፤ ይህን ስል ደግሞ ለማስታረቅ አይደለም፤ ሥራው ራሱ በሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ላይ የቆመ ስለሆነ ነው። ከእናንተ መካከል ሐሳብ የሚያፈልቅ ካለ፣ ያሰበውን በየቀኑ ቀን እየጻፈ ይመዝግብ፤ ጻፊው ደግሞ የማን ሐሳብ እንደሆነ በኅዳጉ ያስፍር።

ከእነሱ በኋላ ያለፉትን በዝርዝር ልተርክ አልችልም። ኤሪክ ሆምዝ የነርቭ ሐኪም ሆኖ ሳለ የተበታተነውን ደንብ ለጀማሪ እንዲገባ አድርጎ በ1977 ያስተካከለው ሰው ነው፤ የእኔ የመጀመሪያ ሣጥን የእሱ እጅ ነበረበት። ግሬግ ስታፎርድ በ2018፣ ስቲቭ ፔሪን በ2021 አረፉ፤ በ1978 ያወጡት «ሩንክዌስት» ሌቭልን ትቶ ችሎታን ሁሉ በመቶኛ የሚለካ፣ ችሎታም በመሥራት የሚያድግበት በመሆኑ ለስሌት ሰው እንደ ድግስ ነበር። በጃንዋሪ 2024 ያረፈችው ጄኔል ጃኬይስ ለእናንተ ከሁሉም ትቀርባለች፤ የጠረጴዛ ጨዋታ ዋሻዎቿ ብዙ መግቢያና ብዙ መንገድ ስለነበራቸው ተጫዋቹ የት እንደሚሄድ መሪው እንኳ አያውቅም ነበር፤ ኋላ ወደ ቪዲዮ ጨዋታ ተሻግራ «ክዌክ 3» ላይ ሠርታለች፤ በቴክሳስ የጨዋታ ዲዛይን ትምህርት ቤት ካቋቋሙትም አንዷ ናት። ቪዲዮ ጨዋታ መሥራት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት የእሷን የድሮ ካርታዎች በእርሳስ ገልብጡ፤ በአንዱ በር ገብታችሁ በሌላው ለመውጣት ስንት መንገድ እንዳለ ቁጠሩ።

ልጀምር ለሚል ወጪው ትንሽ ነው፤ እርሳስ፣ ወረቀትና ትዕግሥት ያላቸው አራት ሰዎች ካሉ ይበቃል፤ ዳይስ ባይገኝ እኛ ያደረግነውን የወረቀት ዕጣ ታውቃላችሁ። የጨዋታው መሠረታዊ ደንብ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊተረጉመውና ሊሸጠው በሚፈቅድ ነጻ ፈቃድ ተለቅቋል፤ ስለዚህ በአማርኛ አዘጋጅቶ ለማሳተም ማንንም ደጅ መጥናት አያስፈልጋችሁም። ፈቃዱ በዋናነት የሚጠይቀው ምንጩን መጥቀስ ነው፤ የሚጠቀሰውም የዛሬው ባለመብት ኩባንያ ስም ነው። አርነሰንንና ጋይጋክስን ጥቀሱ የሚል አንቀጽ የለበትም፤ እናንተ ግን የአማርኛውን እትም ስታዘጋጁ የሁለቱንም ስም ሽፋኑ ላይ አስገቡ፤ ዶን ኬይንም በመግቢያው አትርሱት። የማን ስም ይቅደም በሚለው ከተጣላችሁ ዳይስ ጣሉ።