4,294,967,297 ፕራይም ነው ወይ ላልሽው

ሰላም እህቴ። «4,294,967,297 ፕራይም ነው? በ3፣ በ7፣ በ11፣ በ13 ሞከርኩ፣ ሁሌም ቀሪ ይወጣል። እስከ ስንት ልቀጥል?» ብለሻል። ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር) አይደለም። ግን እንደጀመርሽው ብትቀጥዪ ትደክሚያለሽ።

እኔ ደክሜበታለሁ። ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ሳለሁ፣ ይህንኑ ቁጥር ይዤ ቅዳሜን ሙሉ ዶርም ውስጥ ተቀመጥኩ። ካልኩሌተሬ 8 አሃዝ ብቻ ነበር የሚይዘው፣ ቁጥሩ ደግሞ 10 አሃዝ ነው። ስለዚህ በእጅ ማካፈል ነበረብኝ። 211 ላይ ስደርስ ደብተሩ አለቀ። «በቃ፣ ፕራይም ነው» ብዬ ተኛሁ። ተሳስቼ ነበር። በዚያ መንገድ መልሱ የሚገኘው 116ኛው ፕራይም ላይ ነው፤ እኔ ገና 47ኛው ላይ ነበርኩ።

መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ፣ ቁጥሩ ከየት መጣ ብዬ ነው። 32 ሁለቶችን እርስ በርስ ስታባዢ 4,294,967,296 ይመጣል። በዚያ ላይ 1 ጨምሪ፤ ያንቺ ቁጥር ይኸው ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፈርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የዚህን ቁጥር ታላላቆች (1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲጨመርባቸው የሚመጡትን) አይቷል፦ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537። አምስቱም ፕራይም ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚመጡትም ሁሉ ፕራይም ናቸው ብሎ አመነ። ቀጣዩ ያንቺው ነው። እ.ኤ.አ. በ1732 የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር 641 ያለ ቀሪ እንደሚያካፍለው አሳየ።

641ን እንዴት አገኘው? ይህን ቁጥር የሚያካፍል ማንኛውም ፕራይም፣ ራሱ በ64 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የ2 ርቢዎችን በዚያ ፕራይም እያካፈልሽ ቀሪዎቹን ብትጽፊ፣ በየ64ቱ እየዞሩ ይደጋገማሉ። ይህ ዙር ደግሞ ከፕራይሙ በ1 የሚያንሰውን ቁጥር ያለ ቀሪ ማካፈል አለበት። የሚገርመኝ፣ ይህን ሕግ የሰጠን ፈርማ ራሱ ነው!

አሁን ሥራው ቀለለ። ከ64 ብዜቶች ላይ 1 እየጨመርሽ ፕራይም የሆኑትን ብቻ ያዢ፦ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641። አምስተኛው ላይ ተገኘ። እኔ ቅዳሜዬን የጨረስኩበት ሥራ አምስት ሙከራ ብቻ ነበር።

641ን ለማረጋገጥ ትልቁን ቁጥር መንካት እንኳ አያስፈልግሽም። 16 ሁለቶች ሲባዙ 65,536 ነው። በ641 ሲካፈል 154 ይተርፋል። 32 ሁለቶች የ16ቱ ውጤት በራሱ ሲባዛ ስለሆነ፣ 154ን በራሱ አባዢው፣ 23,716 ይሆናል። ይህን በ641 ስታካፍዪ ቀሪው 640 ነው። ያቺን 1 ስትጨምሪበት 641 ሞላ፤ ቀሪ የለም። ወረቀትና እስክርቢቶ ይበቃል።

ሌላኛው አካፋይ 6,700,417 ነው። እሱስ ፕራይም ነው? ዳግም ዘሩ 2,588 አካባቢ ስለሆነ ከዚያ በላይ መሄድ የለብሽም። እሱን የሚያካፍል ሁሉ ትልቁንም ቁጥር ስለሚያካፍል፣ የ64ቱ ሕግ እዚህም ይሠራል፤ ከ641 የሚያንሱትን አስቀድመን ጥለናቸዋል። የቀሩት 641፣ 769፣ 1,153፣ 1,217፣ 1,409፣ 1,601 እና 2,113 ብቻ ናቸው። ሰባቱንም ሞክሪያቸው፣ አንዳቸውም አያካፍሉትም።