የስልክን ኢንተርኔትና የፎቶ ቅጂን በአንድ የዩኤስቢ ገመድ በኡቡንቱ ላይ ስለማስኬድ

ጥያቄው እንደተረዳሁት ይህ ነው። ጠያቂያችን አንድሮይድ ስልካቸውን በገመድ ከኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ሥርዓተ ክወና) ላፕቶፓቸው ጋር አገናኝተው ፎቶ ሲቀዱ ይቆዩና፣ ኢንተርኔት ፈልገው የዩኤስቢ ቴዘሪንግን (የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ ለላፕቶፑ ማካፈልን) ሲያበሩ ቅጂው በመሃል ይቋረጥባቸዋል፤ በዚያ ላይ የቢሯቸው ዋይፋይ እየሠራ ሳለ የስልካቸው የኢንተርኔት ጥቅል ሳያስቡት ያልቃል። ሁለቱም ችግሮች እዚህ አዳማ በምሠራበት ሕትመት ቤት ደርሰውብኛል። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም አብሮ ስለሚጠፋ በዚያ ሰዓት ያለኝ የኢንተርኔት መንገድ ስልኬ ብቻ ነው፤ የደንበኞችን ፎቶና ሰነድም በየቀኑ ከስልክ ወደ ላፕቶፕ አወርዳለሁ።

ወደ ቅንብሩ ከመግባትዎ በፊት ገመዱንና የስልኩን ቀዳዳ ይመርምሩ። ኃይል ብቻ የሚያስተላልፉ፣ የዳታ ሽቦ የሌላቸው ገመዶች በየሱቁ አሉ። የአዳማ ነፋስና አቧራ ደግሞ የስልኩን ቀዳዳ ቀስ በቀስ ስለሚሞላው፣ ስልኩ ቻርጅ እያደረገ ዳታ ግን የማያስተላልፍበት ጊዜ አለ፤ እኔ ስልኩን አጥፍቼ በእንጨት ስቴኪኒ በጥንቃቄ ካጸዳሁት በኋላ ብዙ ጊዜ ተስተካክሎልኛል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ገመዱን ሰክተው «ኤልኤስዩኤስቢ» የሚለውን፣ የተሰኩ የዩኤስቢ መሣሪያዎችን የሚዘረዝር ትዕዛዝ በተርሚናል ሲሰጡ የስልኩ ስም በዝርዝሩ ውስጥ ካልታየ ችግሩ ከሊኑክስ ቅንብር አይደለም።

ቅጂው የሚቋረጥበት ምክንያት ይህ ነው። አንድሮይድ ስልክ በገመዱ በኩል ራሱን ለኮምፒውተሩ የሚያቀርበው በአንድ ጊዜ በአንድ ማንነት ነው ማለት ይቻላል። «ፋይል ማስተላለፍ» ሲመርጡ በኤምቲፒ (በፋይል ማስተላለፊያ ቋንቋ) የሚናገር የፋይል መሣሪያ ይሆናል፤ ቴዘሪንግ ሲያበሩ ደግሞ ያንን ትቶ የኔትወርክ ካርድ ሆኖ እንደገና ይመዘገባል። የሊኑክስ ከርነልም (የሥርዓቱ እምብርት) በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ «አርኤንዲአይኤስ ሆስት» በተባለው፣ በአንዳንድ አዳዲስ ስልኮች ላይ ደግሞ «ሲዲሲ ኤንሲኤም» በተባለው ሞጁል (መሣሪያን በሚያሠራ የከርነሉ ክፍል) ይቀበለዋል። ስለዚህ ኤምቲፒን ከቴዘሪንግ ጋር ለማስታረቅ መድከም አያስፈልግም፤ ገመዱ ኔትወርክ ከሆነ ፋይሉም በኔትወርክ ይሂድ።

እኔ የምጠቀመው ተርመክስ የተባለውን፣ በአንድሮይድ ላይ የሊኑክስ ትዕዛዞችን የሚያስኬድ መተግበሪያ ነው። በውስጡ ኦፕን ኤስኤስኤችን (ከሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ መግቢያ) እና አርሲንክን (ፋይል መቅጃ) እጭናለሁ፤ የስልኩን ማኅደር እንዲያይ ፈቃድ እሰጠዋለሁ፤ ከዚያም የኤስኤስኤች አገልጋዩን አስነሣለሁ። አገልጋዩ በተለመደው 22 ሳይሆን በ8022 ወደብ (የኔትወርክ በር ቁጥር) ላይ እንደሚያዳምጥ አይርሱ፤ እኔ ይህን ባለማወቄ ግማሽ ቀን ጠፍቶብኛል። በላፕቶፑ በኩል የስልኩን አድራሻ ማወቅ ያስፈልጋል። የቆዩ አንድሮይዶች ሁልጊዜ 192.168.42.129 ይሰጡ ነበር፤ አዳዲሶቹ ግን አድራሻውን ይለዋውጣሉ፤ ስለዚህ «አይፒ ራውት» የሚለው፣ የኔትወርክ መንገዶችን የሚዘረዝር ትዕዛዝ ለዚያ መገናኛ ጌትዌይ (መውጫ በር) አድርጎ የሚያሳየውን ቁጥር መውሰድ ይሻላል። አርሲንክ ያልተቀዳውን ብቻ ለይቶ ስለሚያወርድ፣ ገመዱ ቢነቀል እንኳ ቀድሞ የወረዱትን ፎቶዎች ደግሞ አይጎትትም፤ በኤምቲፒ ግን ሺህ ፎቶ ያለበትን ማኅደር መክፈቱ ብቻ ትዕግሥት ያስጨርሳል። የአድራሻው መለዋወጥ ካስቸገረዎት የዩኤስቢ ዲበጊንግን (በስልኩ የገንቢዎች ምርጫ ውስጥ ያለ) አብርተው በኤዲቢ (ኮምፒውተር አንድሮይድን በሚያዝበት ፕሮግራም) የላፕቶፑን 8022 ወደብ ወደ ስልኩ 8022 ወደብ ማሻገር ይችላሉ፤ ኤዲቢ ከቴዘሪንግም ከኤምቲፒም ጋር ጎን ለጎን ይሠራል።

የጥቅሉ ማለቅ ይበልጥ ያሳዘነኝ ጉዳይ ነበር። አንድ ምሽት ስልኬን እንደተሰካ ትቼ ሄድኩ፤ ዋይፋዩም በርቶ ነበር፤ ጠዋት ስመለስ ላፕቶፑ የመጠባበቂያ ቅጂውን በሙሉ በስልኩ በኩል ልኮ የወር ጥቅሌን ጨርሶታል። ምክንያቱን ያገኘሁት በዚያው በ«አይፒ ራውት» ነው። ኔትወርክ ማኔጀር (የኡቡንቱ የኔትወርክ አስተዳዳሪ) በዩኤስቢ የመጣውን ስልክ እንደ ባለገመድ ኤተርኔት ስለሚቆጥረው ሜትሪኩን (የመንገዱን የቅድሚያ ቁጥር) 100 ያደርገዋል፤ ለዋይፋይ የሚሰጠው ግን 600 ነው፤ ከሁለቱ አነስተኛው ቁጥር ቅድሚያ ያገኛል። ስልኩ የዋይፋይ መጠባበቂያ እንዲሆንልዎ ከፈለጉ በ«ኤንኤምሲኤልአይ» (በኔትወርክ ማኔጀር ትዕዛዝ) የስልኩን መገናኛ ሜትሪክ 700 ያድርጉት። ስልኩን ለቅጂ ብቻ ከፈለጉት ደግሞ «ኔቨር ዲፎልት» የሚለውን ምርጫ ያብሩ፤ ያን ጊዜ ላፕቶፑ ወደ ስልኩ ይደርሳል እንጂ በእሱ በኩል ወደ ኢንተርኔት አይወጣም። ሁለቱንም ለውጦች ለአይፒ ቪ4 ብቻ ሳይሆን ለአይፒ ቪ6ም (ሁለቱ የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓቶች ናቸው) ያድርጉ፤ ያለዚያ አንዱ በር ክፍት ይቀራል። መገናኛው «ሜተርድ» (በአጠቃቀም መጠን የሚቆጠር) ተብሎ እንዲመዘገብም አድርጉት እላለሁ፤ ሆኖም ይህን ምልክት የሚያከብሩት አንዳንድ ፕሮግራሞች ብቻ ስለሆኑ በእሱ ብቻ አይተማመኑ። በእኔ ስልክ የሞባይል ዳታው ጠፍቶም ቴዘሪንግ ስለሚበራ፣ ለቅጂ ብቻ ስሰካ ዳታውን አጠፋለሁ።

ይህን ሁሉ ካስተካከሉ በኋላ በማግስቱ ቅንብሩ የጠፋ መስሎ ሊታይዎት ይችላል። ብዙ ስልኮች ቴዘሪንግ በበራ ቁጥር አዲስ የማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥር) ያወጣሉ፤ ኡቡንቱ ደግሞ የዩኤስቢ ኔትወርክ ካርዶችን ከማክ አድራሻቸው በተወሰደ ስም ስለሚጠራ ስልክዎ በየቀኑ እንደ አዲስ እንግዳ ይቆጠራል፤ ያስቀመጡት ቅንብርም ለትናንቱ ስም ብቻ ይቀራል። መፍትሔው የመገናኛውን ስም ባዶ ትቶ «ማች ድራይቨር» በሚለው ምርጫ የሞጁሉን ስም መስጠት ነው። ለዚህ ቅንብር ከሌሎቹ ከፍ ያለ የራስ ሰር መገናኛ ቅድሚያ ይስጡት፤ ያን ጊዜ ማኩ ቢለዋወጥም ቅንብሩ ይያዛል።

መብራት በጠፋበት ሰዓት አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ስልኩ በገመዱ በኩል የላፕቶፑን ባትሪ ይስባል። ለረጅም ሰዓት ሲሠራም ይግላል፤ በአዳማ የቀን ሙቀት እኔ ሽፋኑን አውልቄ ከላፕቶፑ የሙቅ አየር መውጫ አርቄ አስቀምጠዋለሁ።

አይፎን ላላቸው አንባቢዎች፦ የሚያስፈልገው ሞጁል «አይፒኤች ኢዝ» (ipheth) ይባላል፤ ከእሱ ጋር «ዩኤስቢመክስዲ» (ከአይፎን ጋር የሚያነጋግር ፕሮግራም) መጫን አለበት፤ ስልኩ ኮምፒውተሩን ያምኑት እንደሆነ ሲጠይቅም መቆለፊያውን ከፍተው መፍቀድ ይኖርብዎታል፤ አድራሻው በ172.20.10 ይጀምራል።

ይህን ሁሉ አድርገው ካልሠራ ገመዱን በሰኩበት ቅጽበት «ዲሜሴጅ» (dmesg፣ የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳይ ትዕዛዝ) የሚያሳያቸውን የመጨረሻ መስመሮች፣ የ«አይፒ ራውት»ን ውጤትና የስልክዎን ዓይነት ይላኩልኝ፤ ማታ ከሥራ ስወጣ አይቼ እመልስልዎታለሁ።