የወር ክፍያ የሚከፈልበት «የአያት ቤት»

ጥያቄ፦ አራዳ ውስጥ አያቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ማብቂያ ያሠሩት፣ የእንጨት በረንዳ ያለው ፎቅ ቤት አለን። ከፊት ለፊቱ የነበሩት ቤቶች ተነሥተው ቦታው መናፈሻ ሆኗል። ቤታችን ግን በቅርስነት ስለተመዘገበ አይፈርስም ተብለናል። አሁን አንድ ባለሀብት የፊቱን ገጽታ እንዳለ ትቶ፣ ከኋላ ፎቅ ሠርቶ ምግብ ቤትና እንግዳ ማረፊያ ሊያደርገው ጠይቆናል። አያቴ ካረፉ ጀምሮ የወር ክፍያውን የምከፍለው እኔ ነኝ። በረንዳውን የሚጋሩን ጎረቤቶችም አይቃወሙም። ቅርስ የሆነን ቤት እንዲህ ማልማት ሕጉ ይፈቅዳል? (ሰ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ቀላል ነው። ያስጨነቀኝ በመሀል ጣል አድርገውት ያለፉት ነገር ነው።

ቀላሉን ላስቀድም። ቅርስ መልማት ይችላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ባለቤቱ ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ ያዛል። ጥገናና እድሳት የሚጀመረውም በቅድሚያ የቅርስ ባለሥልጣኑ ሲፈቅድ ነው። የጣሪያ ቆርቆሮ መቀየር፣ ከክፈፉ ሥር ያለውን የእንጨት ጥልፍ ማንሣት፣ የጭቃውን ግድግዳ አፍርሶ በብሎኬት መተካት ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባል። ሆን ብሎ ቅርስ ማበላሸት ደግሞ የዓመታት እስራት ያስከትላል። «ፊቱን ትተን ከኋላ እንገነባለን» የሚለው የባለሀብቶች ተወዳጅ አባባል በራሱ ፈቃድ አይደለም። የቅርስ ባለሙያ ጥናት ይፈልጋል፣ ከዚያም የከተማው ፕላን እዚያ ቦታ ላይ ምን ያህል ከፍታ እንደሚፈቅድ መታየት አለበት፣ በላዩም የግንባታ ፈቃድ ይከተላል። «አይፈርስም ተብለናል» ያሉትም ደብዳቤ ከሌለው አይበቃኝም። ማን አለ? በስንት ቁጥር ደብዳቤ?

አሁን ወደ ወር ክፍያው ልምጣ።

የቤት ባለቤት በየወሩ ለማን ይከፍላል? ባለቤት የሚከፍለው የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ነው፤ እሱም በዓመት ነው። በየወሩ የሚከፍል ተከራይ ነው። በረንዳ የሚጋሩ «ጎረቤቶች» መኖራቸውም ወደዚያው ይመራኛል። የድሮ ትልልቅ ቤቶች በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው የተከፋፈሉት፦ ሳሎኑ ለአንድ አባወራ፣ የላይኛው ፎቅ ለሌላ፣ ሰርቪሱ ለሦስተኛ።

ስለዚህ ደፍሬ ልጠይቅዎት፦ ይህ ቤት በ1967 ተወርሷል እንዴ? የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ትቶ የቀረውን ትርፍ ብሎ ወሰደ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር መሥሪያ ቤት ተሰጡ። ብዙ ቤተሰብ ግን ከዚያው ግቢ አልወጣም፤ አያት ያሠሩት ቤት ውስጥ በተከራይነት ኖረ። ልጆች ተወለዱ፣ አያት አረፉ፣ የወር ክፍያው እንደ ልማድ ቀጠለ፣ «የአያቴ ቤት» የሚለው ስም ግን አልተለወጠም። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው። የማይዋሽ ሰው እንኳ ይወድቅበታል፤ ቤቱን በእውነት የራሱ አድርጎ ስለሚያስበው።

ቅርስነቱ ደግሞ ግራ መጋባቱን ያባብሰዋል። ግድግዳው ላይ የቅርስ ሰሌዳ ሲለጠፍ ቤተሰቡ «ይኸው የእኛ መሆኑ ታወቀ» ይላል። ሰሌዳው ግን ስለ ቤቱ እንጂ ስለ ባለቤቱ አይናገርም። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የራስ ብሩ ወልደገብርኤል ቤት ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም ነው፤ ራስ ብሩ ማሠራታቸው የቤቱን የዛሬ ባለቤት አይወስንም። የእርስዎም አያት ማሠራታቸው የሚያኮራ ታሪክ ነው፣ የባለቤትነት ማስረጃ ግን አይደለም። ሕጉ የሚጠይቀው ሌላ ወረቀት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1195 መሠረት ባለቤት ነው ተብሎ የሚገመተው ከአስተዳደሩ የተሰጠ የባለቤትነት ማስረጃ በስሙ ያለው ሰው ነው።

ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ከባለሀብቱ ጋር የሚፈርሙት ውል ምንም ያህል በጠበቃ ቢዘጋጅ አያድንዎትም። የመንግሥትን ቤት ለሦስተኛ ወገን ለማልማት የሚሰጥ ተከራይ የሌለውን መብት እየሸጠ ነው። ቀብድ ከተቀበሉ ይመልሳሉ። ከሳሽ ከተገኘም የማታለል ወንጀል ክስ ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ «የአያቴ ነው ብዬ ነው» የሚለው መከላከያ ደካማ ነው፣ ምክንያቱም በእጅዎ ያለው የወር ደረሰኝ ይመሰክርብዎታል። ተቆጣሁ አይበሉኝ እንጂ፣ ባለሀብቱ ይህን ሳያጣራ ወደ እርስዎ የመጣ አይመስለኝም። የመናፈሻ ፊት ለፊት ቦታ ውድ ነው፤ ካርታ ሳያይ እዚህ ድረስ የሚደርስ ነጋዴ የለም። የእርስዎን ፊርማና የጎረቤቶችን ዝምታ የፈለገበት የራሱ ምክንያት አለው።

ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ምናልባት ዋናው ቤት ለአያትዎ የተተወላቸው መኖሪያ ሆኖ፣ ክፍያው የሌላ ነገር ይሆናል። ወይም ቤቱ ከአዋጁ ውጭ ያለ አግባብ ተይዞ ይሆናል፤ ለዚያ የራሱ አዋጅ፣ ቁጥር 110/1987፣ ወጥቶ ነበር፤ ቤተሰብዎ በወቅቱ አመልክቶ እንደሆነ አጎትና አክስት ይጠይቁ። በአዋጁ የተወረሰ ከሆነ ግን ፍርድ ቤት ይመልስልኛል ብለው ገንዘብ አያፍስሱ።

የእርስዎ ነው ከተባለም ሁለተኛ ጥያቄ አለ፦ የእርስዎ ብቻ ነው? የወራሽነት ማረጋገጫ ማግኘት ውርሱን መከፋፈል አይደለም። በጋራ ሀብት ላይ፣ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1266፣ ንብረቱን ለሌላ ለማስተላለፍ ብቻ ሳይሆን መኖሪያውን ምግብ ቤት ለማድረግም የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል። አሜሪካ ያለው ወንድም በስልክ «እሺ» ማለቱ አይቆጠርም፤ በሚገባ የተረጋገጠ ውክልና ይላክ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውልም በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት።

ስለ መነሣት ባይጠይቁኝም አንድ ነገር ልጨምር። መናፈሻው ዛሬ ካለበት እንዳይሰፋ ዋስትና የለም። የይዞታ ማስለቀቂያ ትእዛዝ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ከደረሰዎት አቤቱታ የሚቀርበው ትእዛዙ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ አዋጁ ከወጣ በኋላ ስለተሻሻለ ማሻሻያውም አብሮ ይታይ። ለባለቤት የሚከፈለው ካሳና ለመንግሥት ቤት ተከራይ የሚሰጠው ምትክ በጣም የተለያዩ ናቸው፤ ስለዚህም ከላይ ያለው ጥያቄ እዚህም ይመለስብዎታል።

ከመፈረምዎ በፊት የወር ደረሰኞቹን አሮጌውንም አዲሱንም ሰብስቡ፣ ከፋዩና ተቀባዩ ማን እንደሆኑ ይታይ። ወረዳው ቤቶች አስተዳደር ሄደው የቤቱን ማኅደር እንዲያዩ በጽሑፍ ይጠይቁ። ካርታ ካለ የመሬት ይዞታ ምዝገባ ዘንድ ያረጋግጡ፤ ፎቶ ኮፒ አይበቃም። ከከተማው ባህል፣ ኪነጥበብና ቱሪዝም ቢሮ የቅርስ ምዝገባውን ማስረጃ ይውሰዱ። ሰነዶቹን ይዘው በአቅራቢያዎ ያለ ጠበቃ ዘንድ ይግቡ፤ እኔ ይህን የምጽፈው አንድም ወረቀት ሳላይ ነው።

ከባለሀብቱ «ለመተማመኛ» ተብሎ የተቀበሉት ገንዘብ ካለ ለጠበቃዎ መጀመሪያ የሚነግሩት እሱን ይሁን፤ ከባንክ ማስገቢያው ወረቀት ጋር፣ ሁለተኛው ክፍያ ከመምጣቱ በፊት።