የሂሳብ ጥያቄና መልስ፦ የማዕዘናዊ ጎነ ሦስት ጎኖችን ማግኘት

ጥያቄ፦ ለልጄ የተሰጠው የቤት ሥራ «የአንድ ማዕዘናዊ ጎነ ሦስት ሁለት ጎኖች 6 ሳ.ሜ. እና 8 ሳ.ሜ. ናቸው፤ ሦስተኛው ጎን ስንት ነው?» የሚል ነበር። ልጄ 10 ብሎ መለሰ፤ እኔም ትክክል ነው አልኩት። መጽሐፉ ግን ከ10 በተጨማሪ 2√7 የሚል መልስ ይሰጣል። ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ሊኖር ይችላል? ወይስ የኅትመት ስህተት ነው?

መልስ፦ የኅትመት ስህተት አይደለም። የልጅዎ መልስ ትክክል ቢሆንም የጥያቄውን ግማሽ ብቻ የሚመልስ ነው። የፓይታጎረስ ቲዎረም እንደሚለው፣ በማዕዘናዊ ጎነ ሦስት (አንዱ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ በሆነ ጎነ ሦስት) ላይ የ90 ዲግሪውን ማዕዘን የሚሠሩት የሁለቱ ጎኖች ካሬዎች ሲደመሩ ከማዕዘኑ ፊት ለፊት ካለው ጎን፣ ማለትም ከሃይፖተነሱ ካሬ ጋር እኩል ይሆናሉ። እንግዲህ የቤት ሥራው «ሁለት ጎኖች» አለ እንጂ ማዕዘኑን የሚሠሩት ሁለቱ ናቸው አላለም። 6 እና 8 ማዕዘኑን የሚሠሩ ከሆነ 36 እና 64 ተደምረው 100 ስለሚሆኑ ሦስተኛው ጎን 10 ነው። 8 ራሱ ሃይፖተነስ ከሆነ ግን መደመሩ ቀርቶ መቀነስ ይመጣል፤ ከ64 ላይ 36 ሲቀነስ 28 ይቀራል፣ የ28 ስኩዌር ሩትም 2√7 ወይም 5.29 ገደማ ነው። 6 ሃይፖተነስ ሊሆን የማይችለው ሃይፖተነስ ምንጊዜም ከሦስቱ ረጅሙ ጎን ስለሆነ ነው።

በዚህ ዓይነት ጥያቄ ተማሪዎች የሚሳሳቱት ብዙውን ጊዜ በስሌቱ ላይ አይደለም። ቀመሩን «ካሬ አድርግ፣ ደምር፣ ስኩዌር ሩት አውጣ» ብለው ስለሚይዙት የተሰጠው ቁጥር የትኛው ጎን እንደሆነ ሳይጠይቁ ይደምራሉ። ለምሳሌ ሃይፖተነሱ 25፣ አንዱ ጎን 24 ነው ቢባሉ 625 እና 576 ደምረው 34.66 ገደማ ያገኛሉ፤ ከሃይፖተነሱ የሚበልጥ ጎን ማግኘታቸው ብቻውን ሊያስቆማቸው በተገባ ነበር። ትክክለኛው መንገድ መቀነስ ነው። እንዲያውም ትልልቆቹን ካሬዎች ማስላት ሳያስፈልግ የሁለቱን ቁጥሮች ልዩነት በድምራቸው ማባዛት ይበቃል፤ ልዩነታቸው 1፣ ድምራቸው 49 ስለሆነ ብዜቱ 49 ነው፣ ጎኑም 7 ይሆናል። ይህ አቋራጭ ከቀመሩ ያነሰ ትኩረት ማግኘቱ ያስቆጫል፤ ያለ ካልኩሌተር ለሚሠራ ሰው ከፍተኛ ድካም ይቀንሳል።

ስለዚህ ልጅዎ ሥዕሉን አስቀድሞ ይሣል፣ በማዕዘኑ ላይ ትንሿን የካሬ ምልክት ያድርግ፣ ከዚያ ፊት ለፊት ያለውን ጎን በእርሳስ ያድምቅ፤ ስሌቱን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ 3፣ 4፣ 5 እና 5፣ 12፣ 13 የመሳሰሉትን የማዕዘናዊ ጎነ ሦስት ጎኖች የሚሆኑ ሙሉ ቁጥሮች መሸምደድ ይጠቅማል?

መልስ፦ ጥቂቶቹን ማወቅ ጊዜ ይቆጥባል። 8፣ 15፣ 17 እና 7፣ 24፣ 25 ከተጨመሩ ለአብዛኛው የክፍል ሥራ ይበቃሉ፤ የእነዚህ ብዜቶችም፣ እንደ 9፣ 12፣ 15 ያሉት፣ ያው ናቸው። አደጋው 4 እና 5 ባየን ቁጥር ሦስተኛውን 3 ነው ማለት ነው። 4 እና 5 ማዕዘኑን የሚሠሩ ጎኖች ከሆኑ ሦስተኛው √41 ነው። በነገራችን ላይ እንዲህ ያሉ ቁጥሮችን መፈለግ ከፓይታጎረስ ዘመን ይቀድማል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1800 ገደማ በባቢሎን ምድር በተጻፈ፣ ዛሬ በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝ የሸክላ ጽላት ላይ በመጀመሪያው ረድፍ ከሰፈሩት ቁጥሮች መካከል 119 እና 169 የ119፣ 120፣ 169 ጎነ ሦስት ናቸው። ይህን በሽምደዳ የሚደርስበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ማዕዘኑን የሚሠሩት ጎኖች 15 እና 20 ናቸው። ከማዕዘኑ ተነሥቶ በሃይፖተነሱ ላይ ቀጤ ነክ ሆኖ (በ90 ዲግሪ) የሚያርፈው ከፍታ ስንት ነው? ሃይፖተነሱ 25 መሆኑን አግኝቻለሁ፤ ነገር ግን ከፍታው ሃይፖተነሱን በየትኛው ነጥብ እንደሚከፍለው ስለማላውቅ መቀጠል አልቻልኩም።

መልስ፦ ነጥቡን አሁን ማወቅ አያስፈልግዎትም፤ ስፋቱ ያወጣዎታል። የአንድ ጎነ ሦስት ስፋት የትኛውንም ጎን መሠረት አድርገን ብናሰላው አይለወጥም። 15ን መሠረት፣ 20ን ከፍታ ብናደርግ ስፋቱ 150 ነው። 25ን መሠረት ብናደርግም ያው 150 መሆን ስላለበት፣ ከፍታው በ25 ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል 150 የሚሰጥ ቁጥር፣ ማለትም 12 ነው።

ነጥቡም አሁን በቀላሉ ይገኛል፤ ከፍታው ትልቁን ጎነ ሦስት ለሁለት ትናንሽ ማዕዘናዊ ጎነ ሦስቶች ስለሚከፍለው 15 የአንዱ፣ 20 የሌላው ሃይፖተነስ ይሆናሉ። ከ225 ላይ 144 ሲቀነስ 81፣ ከ400 ላይ 144 ሲቀነስ 256 ይቀራል። ስለዚህ ሃይፖተነሱ ለ9 እና ለ16 ተከፍሏል፤ ድምራቸው 25 መሆኑ ሥራው ትክክል እንደሆነ ያረጋግጥልዎታል። የ9 እና የ16 ብዜት 144፣ ማለትም የከፍታው ካሬ መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ ሁለቱ ትናንሽ ጎነ ሦስቶች ተመሳሳይ (መጠናቸው ቢለያይም ቅርጻቸው አንድ) ስለሆኑ ይህ በማንኛውም ማዕዘናዊ ጎነ ሦስት ላይ ይሠራል።