«ታካሚዎቼን ጥዬ ወረቀት ላገላብጥ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቴም ያቆመኝ እናትሽ ያሉሽ አንድ ነገር ነው። «እስከዛሬ ሰው ስታድኚ ኖረሽ፣ አሁን ወረቀት ልታገላብጪ ነው?»

ለሌሎች አንባቢዎችም እንዲገባ ጉዳይሽን ባጭሩ ልናገረው። አራት ዓመት በተሃድሶ ክፍል ፊዚዮቴራፒስት ሆነሽ ሠርተሻል። አሁን የሁለት ዓመት የምርምር ሥራ ቀርቦልሻል። ምርምሩ ከወሊድ በኋላ ሽንት ለሚያመልጣቸው እናቶች ከሁለት ዓይነት የጡንቻ ልምምድ የትኛው እንደሚሻል የሚያወዳድር ነው። ደሞዙ ከአሁኑ ትንሽ ያንሳል። ስታቲስቲክስ ያስፈራሻል። አባትሽ «ምን ዓይነት ምርምር ነው ተብዬ ብጠየቅ ምን ልል ነው?» ብለዋል። ከሁሉም የባሰው ግን ታካሚዎችሽን የከዳሽ መስሎሻል።

በዚህ ነገር ገለልተኛ አይደለሁም። እኔም ፊዚዮቴራፒስት ነበርኩ። ይህን እያወቅሽ አንብቢኝ።

ያኔ የምሠራው ስትሮክ ያገኛቸው ሰዎች በሚተኙበት ክፍል ነው። ታካሚን ቶሎ ማስነሳት ማንም የማይጠይቀው እምነታችን ነበር። ሰውዬው ትናንት ማታ ገብተው ከሆነ እኔ ዛሬ ጠዋት አልጋቸው ዳር ነኝ። አስቀምጣቸዋለሁ፣ አቆማቸዋለሁ፣ ከሰዓት ደግሞ እመለሳለሁ። ላብ በላብ ሆነው «ይብቃኝ» ሲሉኝ «አይዞዎት፣ ትንሽ ብቻ» እላለሁ። ቤተሰብ ሲያይ ደስ ይለዋል። እኔም ቤቴ የምገባው ደስ ብሎኝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 አቨርት የተባለው ጥናት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። የመራችው ጁሊ በርንሃርት የምትባል አውስትራሊያዊት ፊዚዮቴራፒስት ናት። በ5 አገሮች፣ በ56 ሆስፒታሎች 2,104 የስትሮክ ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተመደቡ። አንዱ ቡድን የተለመደውን እንክብካቤ አገኘ። ሌላው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ጀምሮ፣ በብዛትና ረዘም ላለ ጊዜ ከአልጋው እየተነሣ ልምምድ እንዲሠራ ተደረገ። ልክ እኔ እንደማደርገው። ከሦስት ወር በኋላ ምንም ጉዳት ያልቀረባቸው ወይም ቀላል ጉዳት ብቻ የቀረባቸው፣ ከተለመደው ቡድን 50 በመቶ፣ ከኔ ዓይነቱ ቡድን 46 በመቶ ሆኑ።

ከመቶ አራት ሰው ማለት ነው። ይህን አልጋ ዳር ቆሞ ማየት አይቻልም። ሃያ ዓመት ብቆም አላየውም ነበር። የተሻላቸውን ሳይ የኔ ሥራ ነው እላለሁ፤ ያልተሻላቸውን ሳይ ደግሞ በሽታው ከብዶባቸው ነው እላለሁ። ያን ጽሑፍ ያነበብኩ ዕለት ማታ አንዳንድ ፊቶች እየመጡብኝ እንቅልፍ አጣሁ። (በነገራችን ላይ ጥናቱ ታካሚን አታስነሱ አላለም። በኋላ የተሠራ ትንተና አጭር አጭር ሆኖ ቢደጋገም እንደሚሻል ጠቁሟል። ጥያቄው የመጠን ነበር፤ መጠኑን ደግሞ እኔ በስሜት ነበር የምወስነው።)

ታዲያ እናትሽ «ሰው ማዳን» የሚሉት የትኛውን ነው? እኔ በፍቅር፣ በላቤ፣ ከልቤ የሠራሁት ሥራ አንዳንዶቹን ሳይጎዳቸው አልቀረም። ያን የነገረኝ ደግሞ አንድ ቦታ ተቀምጦ ቅጽ በጥንቃቄ የሞላ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ነው የምርምር ረዳት ሆኜ የተቀጠርኩት። የመጀመሪያ ሥራዬ ታካሚዎች በስድስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሚራመዱ መለካት ነበር። 30 ሜትር ኮሪደር፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለት ኮን፣ እጄ ላይ ሰዓት። ጎን ለጎን አብሮ መሄድ አይፈቀድም፤ አብሬ ከሄድኩ እርምጃቸውን ሳላውቀው እወስንባቸዋለሁ። በየደቂቃው የሚባለው ቃል ተጽፎ ተሰጥቶኛል። ከዚያ ውጭ አንዲት ቃል መጨመር የለም። አንድ ቀን አንዲት እናት አራተኛው ደቂቃ ላይ ቆመው ግድግዳውን ተደገፉ። ማረፍ ይችላሉ፤ ሰዓቱ ግን መቁጠሩን አያቆምም። ዞር ብለው አዩኝ። «አይዞዎት» አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ለእሳቸው ብዬው፣ ከሌላው ቡድን ለመጣችው ታካሚ ደግሞ ሳልለው ብቀር፣ ልዩነቱን ያመጣው ሕክምናው ይሁን የኔ ምላስ ማን ያውቃል? ትንሽ አርፈው እንደገና መራመድ ጀመሩ። እኔ ግን በሙያዬ ዘመን እንደዚያ ቀን ለታካሚ የተጠነቀቅኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

አንቺ ያገኘሽው ርዕስም ከዚህ ዓይነት ጥንቃቄ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ካሪ ቡ የተባለች ኖርዌጂያዊት ፊዚዮቴራፒስት ከባልደረቦቿ ጋር ሽንት የሚያመልጣቸው 107 ሴቶችን አጥንታ፣ የዳሌ ሥር ጡንቻዎችን በልምምድ ማጠንከር ጡንቻዎቹን በኤሌክትሪክ ከማነቃቃት የተሻለ መሆኑን አሳየች። ዛሬ ለታካሚ «አጥብቂ፣ ያዢ፣ ልቀቂ» ስትዪ ከጀርባሽ እንዲህ ዓይነት ሥራ አለ።

እናትሽ ቁጥር ካላሳመናቸው ይህን ንገሪያቸው። ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደም ለረጅም ጊዜ በዓይን ግምት ነበር የሚታወቀው። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ባሉ 80 ሆስፒታሎች፣ ከ200,000 በላይ ሴቶች የተካተቱበት ኢ-ሞቲቭ የተባለ ጥናት ተሠራ። በአዲሱ አሠራር የልኬት መስመር ያለው ፕላስቲክ ከወላዷ ሥር ይነጠፋል። ደሙ ከልክ ሲያልፍ ሕክምናዎቹ ተራ ሳይጠብቁ ባንድነት ይሰጣሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ወጣ። በተለመደው አሠራር ብዙ ደም ከፈሰሳቸው ሴቶች በጊዜው የታወቀላቸው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በአዲሱ 93 በመቶ። ከባድ የደም መፍሰስ፣ በዚያ ምክንያት በቀዶ ሕክምና ሆድ መከፈትና ሞት፣ ተደምረው በ60 በመቶ ቀነሱ። ያን ሁሉ ሌሊት ደም እየለካች ቁጥር ስትጽፍ ያደረችው አዋላጅ ወረቀት እያገላበጠች ነበር?

አባትሽ ስለሚያፍሩበት ነገር። «የእናቶች ጤና ነው ብለሽ እለፊው» የሚልሽ አይጠፋም። እኔ አልልሽም። «ሽንት የሚያመልጣቸው እናቶች» ብለሽ ጥሪው። ታካሚዋ የሦስት ቀን ማስታወሻ ይሰጣታል፤ ስንት ጊዜ እንዳመለጣት ትጽፋለች። አንቺ ስትጠይቂያት ድምፅሽ ዝቅ ካለ፣ እሷም አራቱን ሁለት አድርጋ ትጽፋለች።

ገንዘቡ ላይ ደግሞ ልቆጣሽ ነው። የታናሽ ወንድምሽን የትምህርት ክፍያ ብቻሽን ትሸፍኛለሽ። ሥራ ያለው ታላቅ ወንድም እንዳለሽ በአንድ መስመር ጠቅሰሽ አልፈሻል፤ እሱ ምን እንደሚያዋጣ ግን የለም። ቤት ውስጥ ያለው ጭንቀት ስለ ታካሚዎችሽ ነው ወይስ በየወሩ ስለምትልኪው? ሁሉም በተቀመጡበት ጠይቂያቸው። ደስ አይልም፤ ግን ጠይቂ።

ሥራው በውል መሆኑን ግን ላሳምርልሽ አልፈልግም። የምርምሩ ገንዘብ ሲያልቅ ሰው ይበተናል። እኔ አንዴ አራት ወር ሥራ ፈትቻለሁ። ስለዚህ አሁን ያለሽበት ቦታ ያለ ደሞዝ ፈቃድ ይሰጥ እንደሆነ፣ ካልሆነም በሳምንት አንድ ቀን ታካሚ ማየት ይቻል እንደሆነ ሳትጠይቂ አትልቀቂ።

ስታቲስቲክሱ ይለመዳል። ጥናቱ የራሱ ባለሙያ ይኖረዋል፤ ከአንቺ የሚፈለገው የምትጽፊው ቁጥር እውነተኛ እንዲሆን ነው።

ሐሙስ ለቃለ መጠይቅ ስትሄጂ እነሱ ብቻ አይጠይቁሽ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድና እናቶቹ የሚፈርሙበት የስምምነት ቅጽ ይታዩኝ በዪ። አንዲት እናት መሃል ላይ «ይቅርብኝ» ብትል ሕክምናዋ ሳይቋረጥ እንዴት ይቀጥላል? ጉዳት ቢደርስባት በስንት ሰዓት ውስጥ፣ ለማን ነው የማሳውቀው? ውጤቱን የሚለካው ሰው፣ እናቲቱ የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳለች ያውቃል? እዚህ ላይ ከተንተባተቡ ደሞዙን እጥፍ ቢያደርጉልሽም ተይው። ቅጹን አውጥተው ገጹን ካሳዩሽ ግን ለመፈረም ቅዳሜን አትጠብቂ።