ለልጄ ሠርግ ማስካራ ልቀባ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ63 ዓመት እናት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ለዳግማይ ትንሣኤ ሴት ልጄን እድራለሁ። ሽፋሽፍቴ ከዕድሜ ጋር ሳስቷል፣ ቀለሙም ነጣ ብሏል። ፎቶ ላይ ዓይን ያለኝ አይመስልም። ልጄ ጥቁር ዋተርፕሩፍ ማስካራ ገዛችልኝ። ስሞክረው ከሰዓት በኋላ ከዓይኔ ሥር ወርዶ ለቅሶ ቤት የዋልኩ አስመሰለኝ፤ ዓይኔም ያለቅስ ጀመር። እህቴ ደግሞ «የእናታችን ኩል ምን አጠፋ?» ትለኛለች። ለዕድሜዬ የሚሆን፣ የተቀባሁ የማያስመስል የቱ ነው? አንድ ነገር ልጨምር፤ ግራ ዓይኔን አልፎ አልፎ የሚወጋኝ ፀጉር አለ። ጎረቤቴ በወረንጦ ትነቅልልኛለች። ችግር ያመጣ ይሆን?
የሙሽራዋ እናት

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልን። ስለ ማስካራ ጠይቀው ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ጣል አደረጉት። ታካሚ ሁሌም እንዲህ ነው፤ ተነሥቶ የበሩን እጀታ ከያዘ በኋላ «ለነገሩ ዶክተር...» ይላል። እኔም ከእሱው ልጀምር።

ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ዞሮ ዓይን ሲወጋ በእኛ አካባቢ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ትራኮማን ነው። አማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ከጸናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በሽታው በልጅነት ደጋግሞ ይይዝና የዓይን ቆብ ውስጠኛው ገጽ ላይ ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው በዓመታት ውስጥ እየተኮማተረ ቆቡን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። ሕመሙ የልጅነት፣ ጣጣው የጉልምስናና የእርጅና ነው። ሴቶች ላይ ይበዛል፤ ሕፃናትን የሚያቅፉትና ፊት የሚያብሱት እነሱ ስለሆኑ ከልጆቹ ደግመው ደጋግመው ይያዛሉ።

የዞረው ፀጉር ዓይንዎን ባርገበገቡ ቁጥር ከብሌኑ ፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን ይፍቀዋል። ቁስሉ ሲደጋገም ቦታው ነጭ ይሆናል፣ ብርሃን ይጋርዳል። ያኔ የጠፋውን እይታ መመለስ በጣም ከባድ ነው።

ጎረቤትዎን አልቆጣም። መንቀሉ ለጊዜው ያሳርፋል። ችግሩ ግን የቤት ወረንጦ ብዙ ጊዜ ፀጉሩን ከሥሩ አያወጣውም፤ መሐል ላይ ይቆርጠዋል። የቀረችው ጉቶ አጭርና ጠንካራ ስለሆነች ከረጅሙ ፀጉር የባሰ ትወጋለች። ከሥሩ ቢወጣም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ ይበቅላል። ወረንጦው ከሰው ሰው የሚዞር ከሆነ ደግሞ ኢንፌክሽንም ይዞ ይዞራል።

ስለዚህ በቅርብዎ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም የፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የዓይን ክፍል ይሂዱ። ባለሙያው በባትሪ እያበራ፣ ቆብዎን በአውራ ጣቱ ከፍ አድርጎ፣ ዓይን የሚነካው ፀጉር ስንት እንደሆነ ይቆጥራል። ቆቡን ገልብጦም ጠባሳ መኖሩን ያያል። አያምም፤ ትንሽ ይቆረቁራል እንጂ። አንድ ሁለት ፀጉር ብቻ ከሆነ ባለሙያ በንጹሕ መሣሪያ እየነቀለ መከታተል ይቻላል። ከዚያ ከበዛ ቀዶ ሕክምና ይሻላል። ቆቡ ብቻ ደንዝዞ ይሠራል፣ በዕለቱ ወደ ቤትዎ ይመለሳሉ። «ዓይኔን ሊቀዱት ነው» ብለው አይፍሩ፤ የሚነካው ዓይኑ ሳይሆን ቆቡ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ዓይን አካባቢ ምንም መቀባት የለም። ስለዚህ ሠርጉ እስኪደርስ አይጠብቁ፣ በዚህ ሳምንት ይሂዱ። ቁስሉ ሳይድን ዳግማይ ትንሣኤ ቢደርስ ደግሞ ማስካራው ይቅርና ቅንድብዎን በቡናማ ፔንስል ቀጠን አድርገው ያስሞሉ። እንዲያውም እውነቱን ልንገርዎት፤ ከስልሳ በኋላ ፊትን የሚያነሣው ከሽፋሽፍት ይልቅ ቅንድብ ነው። ፎቶ ላይ «ዓይን የለኝም» ያሉት ግማሹ ምክንያት የቅንድብዎ መሳሳት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ እንባው እንምጣ። የሚወጋው ፀጉር ራሱ ያስለቅሳል፤ ግን ሌላም ምክንያት አለ። ዓይን ስለደረቀ ያለቅሳል ብል ይገርምዎት ይሆናል። የዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ ትናንሽ የቅባት ዕጢዎች አሉ። ቅባታቸው እንባ ቶሎ እንዳይተን ይከላከላል። ዕድሜ ሲገፋ፣ በተለይ የወር አበባ ከቆመ በኋላ፣ ቅባቱ ይቀንሳል ወይም ይረጋል። እንባው ይተናል፣ ዓይን ይቆረቁራል፣ ከዚያ ዓይን ደንግጦ በአንዴ ውሃ ያፈሳል። በዚህ ላይ የባሕር ዳር ሙቀት፣ ከጣና የሚነሣው ነፋስ፣ የመንገድ አቧራና የማድቤት ጭስ ሲጨመር ችግሩን ያብሰዋል። መስታወት ፊት ቀረብ ብለው የሽፋሽፍትዎን ሥር ይዩት። እንደ ፎረፎር ያለ ነገር ተጣብቆ ካዩ የቆቡ ጠርዝ ራሱ ተቆጥቷል ማለት ነው።

ለዚህ ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክረው ጨምቀው የተከደነ ዓይንዎ ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያሳርፉ። ጨርቁ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይንከሩት። ከዚያ በውሃ የቀጠነ የሕፃናት ሻምፑ በጥጥ ነክተው የሽፋሽፍቱን ሥር ቀስ አድርገው ይጥረጉ፣ ያለቅልቁት። ጠዋትና ማታ ከሠርጉ በፊት ጥቂት ሳምንታት ቢያደርጉት ማስካራው ራሱ ተመችቶት ይቀመጣል። ፋርማሲ ውስጥ የእንባ ምትክ ጠብታ ቢጠይቁ ጥሩ ነው። ነገር ግን ዴክሳሜታዞን ያለበትን ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይግዙ። ቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፋ ሰው ይወደዋል፤ ሲቆይ የዓይን ግፊት ጨምሮ ግላኮማ የተባለውን፣ እይታ የሚያሳጣ በሽታ ሊያመጣ ይችላል።

ዋተርፕሩፉ ለምን ወረደ? ውሃ አያስለቅቀውም፣ ቅባት ግን ያስለቅቀዋል። ያን ቀን ፊትዎን ክሬም ወይም ቫዝሊን ተቀብተው ነበር? ከዓይንዎ ሥር ያለው ክሬም ነው ጥቁሩን የሳበው። ማታ ለማስለቀቅ ደግሞ ማሸት ይጠይቃል፣ የሳሳ ሽፋሽፍትም በማሸት ይረግፋል። ስለዚህ ለእርስዎ ዋተርፕሩፍ አልመርጥም።

የምመርጠው ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ነጣ ባለ ሽፋሽፍት ላይ ድፍን ጥቁር ከሩቅ ይጮኻል፤ ቡናማ ግን የራስ ይመስላል። በለብ ያለ ውሃ ብቻ ተላጦ የሚወጣ ዓይነትም አለ፤ ኮስሞቲክስ ቤት ካገኙ እሱን ይውሰዱ፣ ቅባት አያወርደውም። «ያስረዝማል» ተብሎ ደቃቅ ክር የተጨመረበትን ይተዉት፤ ክሩ እየረገፈ ዓይን ውስጥ ይገባል። ብሩሹ ቀጭን ይሁን። ሲቀቡ መጀመሪያ ብሩሹን ሶፍት ላይ ጠረግ አድርገው ትርፉን ያራግፉ። የላይኛውን ሽፋሽፍት ብቻ፣ ከመሐሉ ወደ ጫፉ፣ አንድ ጊዜ። ሥሩን አይንኩ፣ የታችኛውን ጨርሶ ይተዉት። መጀመሪያ የሚወርደው እሱ ነው።

ሙከራውን ከሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ያድርጉት። በዕለቱ አዲስ ነገር ሞክሮ ዓይኑ አብጦ ከሙሽራ ጎን የቆመ ሰው አይቻለሁ። ሜካፕ የምትሠራው ልጅ በአንድ ብሩሽ ሙሽራዋንም ሚዜዎቹንም አክስቶቹንም ልትቀባ ትችላለች፤ የራስዎን ይዘው ይሂዱ፣ «የኔን ተጠቀሚልኝ» ይበሏት። አታፍርብዎትም። ከተከፈተ ሦስት ወር ያለፈው ማስካራ ይጣል፤ ሲደርቅ ውሃ ወይም ምራቅ ጠብ ማድረግ ጀርም መጋበዝ ነው። ልጅዎ ስትሸኝ ማልቀስዎ አይቀርም። ሶፍቱን ከዓይንዎ ሥር ተጫን አድርገው እንባውን ይምጠጡት፣ አያሹት።

እህትዎ የእናታችሁን ኩል ባትረሳ አይፈረድባትም። ነገር ግን ገበያ በዱቄት የሚሸጥ ኩል ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት በብዛት ሊኖር ይችላል፤ ከጥንት ጀምሮ ኩል የሚሠራበት አንደኛው ድንጋይ ራሱ የእርሳስ ማዕድን ነውና። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ዓይነቱ ኩል ለመዋቢያነት እንዳይሸጥ የተከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። እርሳስ በአዋቂ ላይ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ሕፃናት ላይ ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ አእምሮ ይነካል። የልጅ ልጅ ሲመጣ ዓይኑን ልኳለው እንዳይሉ አደራ። ለእርስዎም የቆቡ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የሚገባ ኩል ያንኑ የቅባት ዕጢ ይደፍነዋል።

ከማስካራ መገላገል የፈለገ ሰው «ሽፋሽፍቴን ላስቀልመው» ይላል። ይኼን በጭራሽ! ለፀጉር የሚሆን ጥቁር ቀለም ዓይን አጠገብ አይደርስም። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ላሽ ሉር የተባለ የሽፋሽፍት ማቅለሚያ ሴቶችን አሳውሯል፣ ለሞትም ዳርጓል። በውስጡ የነበረው ኬሚካል ዛሬም በብዙ ጥቁር የፀጉር ቀለም ውስጥ አለ። የጉሎ ዘይት ደግሞ ሽፋሽፍት ያበቅላል ይባላል፤ ማስረጃ የለውም፣ ዓይን ውስጥ ሲገባም እይታ ያደበዝዛል።

የሽፋሽፍት መሳሳት በዕድሜ የሚመጣ ነው፤ በሁለቱም ዓይን እኩል ከሆነ አያስጨንቅዎት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ረግፎ ከሥሩ እብጠት ወይም የማይድን ቁስል ካለ ግን ካንሰር አለመሆኑ መታየት አለበት። የቅንድብዎ ጫፍም አብሮ ከረገፈ፣ ድካምና ብርድ ብርድ ማለት ካለብዎት፣ የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ይጠይቁ። ለሚወጋው ፀጉር ሲሄዱ እነዚህንም አብረው ያሳዩ። ዓይንዎ ከቀላ፣ ከታመመ፣ ብርሃን ካስጠላዎት ወይም እይታዎ ከደበዘዘ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ዕለት ይሂዱ።