«ሴኔት» ወይስ «የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት»?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ዜና ላይ አንዱ «ሴኔት» ሲል ሌላው «የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት» ይላል። ሕጉን የሚወስነው ይህኛው ከሆነ የተወካዮች ምክር ቤት ሥራው ምንድን ነው? የትኛውን ልጻፍ?

መልስ፦ ለብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ የኖረ ነገር አነሡ። «ወሰነ» ከጥንቱ ድንበር ማበጀት ነው፤ «መወሰኛ»ም የቦታና የመሣሪያ ቅጥያ ስላለው ሐረጉ «የሕግ ነገር የሚቆረጥበት ስፍራ» ማለት ነው። መንትያው «የሕግ መምሪያ» ነበር፤ «መራ» ካለው ግስ የወጣ። ሁለቱም በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን የገቡ ናቸው፦ የመወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፣ የመምሪያውን መኳንንቱና ሹማምንቱ ይመርጣሉ። ያኔም ቢሆን የመጨረሻው ወሳኝ ጃንሆይ ነበሩ!

ይህን ስም ለአሜሪካ ስናውሰው ነገሩ ይባስ ይጣመማል። በ1787 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ላይ የተረቀቀው ሕገ መንግሥት አንዱን ቤት ወሳኝ፣ ሌላውን መሪ አላደረገም። ረቂቅ ሕግ በሁለቱም ቤቶች ቃል በቃል አንድ ሆኖ ካላለፈ ፕሬዚዳንቱ ዘንድ አይደርስም፤ እሱ ቢመልሰው ደግሞ በየቤቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያሻል። የግብር ረቂቅማ የሚመነጨው 435 አባላት ካሉት ከተወካዮች ምክር ቤት ብቻ ነው። ሴኔት ለብቻው የሚወስነው እንደ ሹመት ማጽደቅና የተከሰሰ ባለሥልጣንን መዳኘት ያሉትን ነው፤ እነዚህ ደግሞ ሕግ ማውጣት አይባሉም።

«የራሳችን ስም እያለ ባዕድ ቃል ለምን?» የሚሉ አሉ። እነዚሁ ሰዎች «ኮንግረስ» እና «ፕሬዚዳንት» ሲጽፉ እጃቸው አይያዝም። «ሴኔት» ለእንግሊዝኛውም እንግዳ ነው፤ ሥሩ በላቲን ሽማግሌ ማለት ነው። እኛስ? በግዕዝ «ልህቀ» አደገ፣ አረጀ ነው፤ «ሊቅ»ም ከዚያው ወጥቶ ሽማግሌ፣ አለቃ ይባልበት ነበር። «የሊቃን ምክር ቤት» ብንለው የሮማው ቃል ልኩን ባገኘ! ዛሬ ሊቅ የተማረ ሰው በመሆኑ ሰሚው የዩኒቨርሲቲ ጉባኤ ይመስለዋል፤ ይምሰለው፣ ለእኔ ጆሮ ይጥማል። ተከታይ እንደማላገኝ ግን አውቃለሁ።

«መምሪያ» የቢሮ ክፍል ስም ሆኖ ከቆየ ወዲህ ለታችኛው ቤት «የተወካዮች» የሚለው አሸንፏል፤ «መወሰኛ» ያለ መንትያው ቀረ። ሰሚው ሴኔት ማለት መሆኑን ስለሚረዳ፣ እያቅማማሁም ቢሆን ስሕተት ነው ብዬ አልሰርዘውም። እርስዎ ግን «ሴኔት» ብለው ይጻፉ፤ አባሉንም «ሴናተር» ይበሉት። «የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል» እያሉ መቶውን ሴናተሮች ለመጥራት ትንፋሽም አይበቃ።